የአስዋን ደንጊያና የውስጡ ጅማት

ዓባይ ከአገራችን ወጥቶ ሱዳንን ካቋረጠና በግብፅ ታላቁን ግድብ ካለፈ በኋላ፣ በአስዋን ከተማ ፊት ለፊት የግራኒት ደሴቶችን እየዞረ ይወርዳል። የጥንት ግብፃውያን ለሐውልትና ለመቅደስ የሚሆነውን ቀይ ደንጊያ ይፈልጡ የነበረው ከዚሁ ስፍራ ነው። ተጠርቦ ሳያልቅ የቀረው ታላቅ ሐውልት ዛሬም በዐለቱ ላይ እንደ ተኛ ይታያል፤ ርዝመቱ 42 ሜትር ያህል ነው። በአክሱም የወደቀው ታላቁ ሐውልታችን እንኳ 33 ሜትር ያህል ነው። የአስዋኑ ስንጥቅ ስለ ተገኘበት ተተወ፤ የዚያን ሁሉ ጠራቢ ድካም ሲያስቡት ያሳዝናል።

ይህ ደንጊያ ከምድር በታች ቀልጦ የነበረ ሲሆን፣ ከረጋ 600 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል። ቀርቦ ለተመለከተው ከባቄላ የሚበልጡ ቀያይ ፍሬዎች ይታዩበታል፤ ሊቃውንት ክሪስታል ይሏቸዋል። በአንዳንድ ስፍራም ፈዘዝ ያለ ጅማት ደንጊያውን ቆርጦት ያልፋል። ቆራጩ ከተቆረጠው በኋላ መምጣቱን ለማወቅ ሌላ ምስክር መጥራት አያሻም። ነገር ግን ያ የቀለጠ ነገር በየት በኩል ገባ?

ግራኒት በአንድ ጊዜ አይጠጥርም። አስቀድሞ ፍሬዎቹ ይረጋሉ፤ የቀረው ፈሳሽ በመካከላቸው ይቆያል። ንፍሮ የምትቀቅል እመቤት ይህን ታውቀዋለች፤ ውኃው ብዙ ሲሆን ማማሰያው ያለ ችግር ይዞራል፣ ሲጎድል ግን ፍሬው እርስ በርሱ እየተደገፈ እጅን ያደክማል። ቫን ደር ሞለንና ፓተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ባወጡት ጽሑፍ፣ ደቃቅ ግራኒት በ800 ዲግሪ ሙቀት ተጭነው ድንበሩን ገልጸዋል፤ ከመቶ 30 እስከ 35 እጅ የሚሆነው ሲቀልጥ ነው። ከዚያ በታች ሸክሙን ፍሬዎቹ ይሸከሙታል፤ ከዚያ በላይ ሁሉም እንደ ወፍራም ፈሳሽ ይሄዳል።

የተደጋገፉትን ፍሬዎች ምድር ስትገፋቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲወጣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ፈሳሹም ወደዚያ ይሳባል። በወንዝ ዳር እርጥብ አሸዋ የረገጠ ሰው፣ በእግሩ ዙሪያ አሸዋው ለቅጽበት ሲደርቅ ያያል፤ ውኃው በተከፈተው ክፍተት ጠልቆ ነው። ግፊቱ ፈጥኖ ከመጣ ግን ያ ከፊል የረጋ አካል እንደ ጠጣር ይሰነጠቃል፤ የመጨረሻውም ፈሳሽ ከየፍሬው መካከል ተንጠፍጥፎ ስንጥቁን ይሞላዋል። ፈጥኖ ሲረጋ ደቃቅ ጅማት ይሆናል፤ ውኃ የበዛበት እንደ ሆነ ትልልቅ ፍሬ ያወጣል።

ሐውልቱን ያስቀረው ስንጥቅ ግን ሌላ ነው። ደንጊያው ፈጽሞ ከበረደ በኋላ የተከፈተ ስለ ሆነ፣ የሚሞላው ፈሳሽ አልቀረለትም ነበር።