ትርፍ አውራ ዶሮዎቻችንን ምን እናድርጋቸው?



መርሳ ላይ ጓሮ ያለው ቤት ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። አንዲት እናት ዶሮ ከምትፈለፍላቸው ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናሉ። ለ10 ሴት ደግሞ አንድ አውራ ይበቃል፤ ለእንቁላል ብቻ ከሆነማ እሱም አያስፈልግም። እኛ ግቢ በ2017 ለሰባት ሴት አምስት አውራ ደረሰ። ማሽላውን ይጨርሳሉ፣ እርስ በርስ ይደማማሉ፣ የሴቶቹን የጀርባ ላባ ነጭተው ሊጨርሱት ነው።

አንዱን እናታችን አስቀረችው። ለፈጅር የሚጮኸው እሱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አውራ ዶሮ ሲጮህ አላህን ከችሮታው እንድንለምን አስተምረዋል፤ ለሶላት ስለሚቀሰቅስም እንዳይሰደብ ከልክለዋል። (እኛ በስልክ ነው የምንነሳው፤ ለእሷ ግን ስልክ ዶሮን አይተካም።)

የቀሩት አራቱ ናቸው ያከራከሩን። የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዷን በአምስት ቀን ልዩነት ገቡ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጾም ላይ ስለነበሩ አውራ የሚጠይቅ ጠፋ። ዒድ አል-ፊጥር መጋቢት 21፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር የሚውሉት። ስለዚህ አንዱን ለዒድ እንረድ፣ ሁለቱን ለፋሲካ እናቆይ አልን። ወሎ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እነሱ በእጃቸው ያርዳሉ፣ እኛም በእጃችን፤ ዶሮው ግን በሕይወት እያለ ከግቢ ግቢ ይሄዳል።

ችግር የሆነው አራተኛው ነው። እንደ በርበሬ የቀላ፣ አንድም ሌላ ቀለም የሌለበት። ወልድያ ገበያ ልንወስደው ነበር። ቀይ አውራ ድሮም ተፈላጊ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ለመልኩና ለወጡ ነው። አንድ ቀን ግን አንድ ሰውዬ በራችንን አንኳኳ። ዶሮውን በእጁ አልመዘነም፣ ዋጋም አልተከራከረም፤ ክንፉን ገልጦ ነጭ ላባ እንደሌለው ብቻ አየ። «ለታመመች ልጄ ታዞ ነው» አለ። ማን እንዳዘዘው መጠየቅ አላስፈለገንም።

ታናሻችን «እኛ የምንሸጠው ሐላል ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሱ ጉዳይ ነው» አለ። እህታችን የማኢዳ ምዕራፍ ሁለተኛውን አንቀጽ አስታወሰችው፦ በወንጀል ላይ መተጋገዝ የለም። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ከአላህ ውጭ ላለ አካል የታረደን ሐራም ያደርጋል። እኛ የምናስበው፣ ቀይ የጠየቀን ሁሉ መመርመር ነውር ነው፤ ሰውዬው በአፉ ከተናገረ በኋላ ግን አላወቅንም ማለት አይቻልም።

አልሸጥንለትም። ልጅቱን ጤና ጣቢያ እንዲወስዳት የትራንስፖርት ገንዘብ ልንሰጠው ስንል ፊቱን አዞረብን። አልፈረድንበትም። የታመመ ልጅ ያለው አባት የነገሩትን ሁሉ ይሞክራል።

ለዒድ ያሰብነውን ከፋሲካዎቹ ጋር አቆየነው፤ በምትኩ ቀዩን፣ ቢላውን በደንብ ስለን፣ ሌሎቹ በማያዩበት ቢስሚላህ ብለን አረድነው። እናታችን የወጡን ግማሽ ወደ ሰውዬው ቤት ላከች። ሳህኑን ሲመልስ ልጅቱን ጤና ጣቢያ እንደወሰዳት ነገረን። ገንዘቡን ግን አሁንም አልተቀበለም።