እርሾ እና ቻትጂፒቲ

እናላችሁ፣ ባለፈው ወር እናቴን በሌላ ሴትዮ ተተክታ አገኘኋት።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ አምስተኛ ክፍል ናት። የምትማረው እኔ ራሴ በተማርኩበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ግቢው መሀል የእመቤታችን ሐውልት ያለበት፣ ጠዋት በሰልፍ ጸሎት ሲደረስ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሙስሊሙም እኩል ቀጥ ብሎ የሚቆምበት፣ ረቡዕና ዓርብ ምሳ ዕቃው ሁሉ ሽሮ ሽሮ የሚሸትበት ዓይነት ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ።

የአማርኛ መምህርቷ «ስለ አያቴ» የሚል ድርሰት ጽፋችሁ ኑ ብለዋቸው ኖሯል። ታርሞ ሲመለስ ወላጅ መፈረም አለበት። እህቴ የማታ ተረኛ ስለነበረች ደብተሩ እኔ ጋ መጣ። ከመፈረሜ በፊት እስቲ ላንብበው አልኩ።

«አያቴ የጥበብ ምንጭ ናት» ይላል። «በቀዝቃዛ ምሽቶች እሳት ዳር ተቀምጣ ሹራብ እየሠራች ተረት ትተርክልኛለች። የምትጋግራቸው ብስኩቶች መዓዛ ቤታችንን ይሞላዋል።» ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፦ «በጣም ጥሩ! 10/10»።

እዚህ ላይ እናቴን ላስተዋውቃችሁ። ቤቱ ሁሉ የሚጠራት «እቴቴ» እያለ ነው። ሹራብ ሠርታ አታውቅም። ብስኩት ጋግራ አታውቅም። የምትተርከው ተረት ቢኖር የቱርክ ድራማ ነው፤ እሱንም ገና ያላየነውን ክፍል አስቀድማ ነው የምትነግረን። በሕይወቷ የጋገረችው እንጀራ ነው፤ እሱን ግን ጉልበቷ እምቢ እስኪላት ድረስ ጋግራዋለች።

«ማሚቱ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አልኳት።

«አያቴ።»

«የትኛዋ?»

ሳቋ መጣ። «ቻትጂፒቲ ነው የጻፈልኝ። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ነው ያደረገው።»

ሴትዮዋ ከየት እንደመጣች መገመት አይከብድም። ይህ ነገር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ የዓለም ተማሪ ሁሉ የቤት ሥራ አጋዥ ሆኗል። የሚጽፈው ደግሞ ካነበበው መዓት ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እፍኝ አይሞላም። ስለዚህ «አያት» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ብዙ የተጻፈላት የፈረንጅ አያት ናት። ነጠላ አልብሶ ይልካታል፣ አለቀ።

ተናደድኩ። ከልጅቷ ይልቅ በዚያ በቀዩ 10/10 ተናደድኩ። ወዲያው ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ቢሮ እንደለመድኩት ላፕቶፔን ከፍቼ «ጠንከር ያለ፣ ግን ትሕትና ያልተለየው የወላጅ አቤቱታ ጻፍልኝ» ብዬ አዘዝኩ። ልጅቷ ለካ ከኋላዬ ቆማለች።

«አጎቴ፣ አንተም?» አለችኝ።

ላፕቶፑን ዘጋሁት። ምን እላለሁ? በተለይ ደግሞ 1996 ዓ.ምን ሳስታውስ ምንም የምለው አልነበረኝም።

በዚያ ዓመት እኔም አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። የአማርኛ መምህራችን ሲስተር «ስለ እናቴ» ጽፋችሁ ኑ አሉን። ጎረቤታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። እናቴ ለደንበኛ ከደረደረችው እንጀራ ሁለት ሰርቄ ሰጠሁትና ጻፈልኝ። «እናቴ እንደ ንጋት ኮከብ የምታበራ» ብሎ ነበር የጀመረው። ቀሪውም እንዲሁ ሰማይ ሰማዩን ነው። የኔ ቻትጂፒቲ እሱ ነበር፤ ልዩነቱ በእንጀራ መሥራቱ ነው።

ሲስተር በዕረፍት ሰዓት አስጠሩኝ። ኩርኩም ጠብቄ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ከቢሯቸው በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝና ደብተሩን ሳይከፍቱ ጠየቁኝ።

«የእናትህ እጅ ምን ይሸታል?»

«እርሾ» አልኩ ሳላስብ።

«ለምን?»

ከዚያ በኋላ አፌ አልተዘጋም። እንጀራ ጋግራ እንደምትሸጥ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እንደምትነሳ፣ ባለፈው ሳምንት እንፋሎት ክንዷን እንዳቃጠላት፣ ደንበኛዋ የነበረው ምግብ ቤት እንደተዘጋና ማታ ማታ ሒሳብ እያሰበች እንደምትተክዝ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሲስተር ሰምተው ሲጨርሱ ደብተሬ ላይ በቀይ «እርሾ» ብለው ጻፉና «ከዚህ ጀምር» አሉኝ። አዲሱ ድርሰት ከ10 ሰባት አገኘ። ሦስቱ የፊደል ግድፈት ነበር።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው እንግዲህ ቅዳሜ ወላጆች ስብሰባ የሄድኩት። አጀንዳው የአዳራሹ ጣሪያ ነበር፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ግን ወሬው ሁሉ ስልክና ኤ.አይ. ሆነ። አንድ አባት ተነስተው ጨርሶ ይታገድ አሉ። አንዲት እናት ደግሞ ልጃቸው ማንበብ እንደሚከብደው፣ እሳቸው ከሥራ ሲገቡ እንደሚመሽ፣ ክፍልፋይን አሥር ጊዜ ቢጠይቀው ሳይሰለች የሚያስረዳው ያ ማሽን ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ሴትየዋ ሲቀመጡ እንደገና «ይታገድ» የሚል ሰው አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም።

ተራው የመምህርቷ ሆነ። «አምስት ክፍል አስተምራለሁ» አሉ። «በእያንዳንዱ ክፍል ከሃምሳ በላይ ልጅ አለ። አንድ ድርሰት ባዘዝኩ ቁጥር ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ ደብተር ወደ ቤቴ ይሄዳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ካርዳቸው ላይ ለምጽፈው አስተያየት እኔም እሱኑ ነው የምጠቀመው።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ለካ ልጅቷ በማሽን ትጽፋለች፣ መምህርቷ በማሽን አስተያየት ይሰጣሉ፣ እኔ በማሽን አቤት ልል ነበር። ሦስታችንም ተጻጽፈናል፤ ያነበበ ግን አንድም ሰው የለም። ይሄ ነው ያስፈራኝ። ልጆች ይሰንፋሉ የሚለው ስጋት ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኛም ያለ ማሽን ሰንፈን እናውቃለን። ያኔ ግን የሰነፈውን ልጅ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ነገሩ የእኛ ግቢ ጭንቀት ብቻ አይደለም። ቫቲካን ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. «አንቲኳ ኤት ኖቫ» የተባለ ሰነድ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አውጥታለች። ሰነዱ ቴክኖሎጂውን አያወግዝም፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ ልጆችን ለትምህርት ሊያበቃ ይችላል ይላል። ነገር ግን መምህሩ በአካል መገኘቱ በእሱና በተማሪው መካከል የሚፈጥረውን ግንኙነት ማሽን ሊተካው እንደማይችል ይናገራል። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ፣ እኛ ዘንድ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ኢንዲያናፖሊስ ለተሰበሰቡ የአሜሪካ ካቶሊክ ወጣቶች በቪዲዮ ሲናገሩ የቤት ሥራችሁን እንዲሠራላችሁ አትጠይቁት ብለዋቸዋል። ነገ ድንገት ቢጠፋ ራሳችሁ ማሰብ በምትችሉበት መንገድ ተጠቀሙበትም ብለዋል። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «ጳጳሱም ስለ ቤት ሥራ ያወራሉ?» ብላ ደነገጠች።

ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ የሲስተርን አግዳሚ አነሳሁ። ሁለት መቶ ሃምሳ ደብተር ማንም አያነብም። ግን በየሳምንቱ ዓርብ አምስት አምስት ልጅ ክፍል ፊት ቆሞ የጻፈውን ቢያነብና ጓደኞቹ አንድ አንድ ጥያቄ ቢጠይቁትስ? ማሽኑ ድርሰቱን ሊጽፍለት ይችላል፤ ለጥያቄው የሚመልሰው ግን ራሱ ነው። ዳይሬክተሯ ሲስተር «እንሞክረው» አሉ። መምህርቷም «ይሄ ይቀለኛል» ብለው ሳቁ። ስለ ጣሪያው በሌላ ጊዜ እንነጋገራለን ተብሎ ተበተንን።

እሁድ እቴቴ ቡና አፍልታ ተቀምጠናል። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ አጠገቧ ተጠጋችና ያልኳትን ጠየቀቻት።

«እቴቴ፣ እጅሽ ምን ይሸታል?»

እናቴ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። «አሁንማ ቪክስ ነው። ጉልበቴን ሳሸው ነው የማመሸው።»

«ድሮስ?»

«ድሮማ እርሾ ነበር።»

ይሄኔ እኔ የሲስተርን ነገር ማውራት ጀመርኩ። ጎረቤታችን እንደጻፈልኝ፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ። እናቴ አላስጨረሰችኝም።

«እሱን እኮ አውቃለሁ» አለች። «በዚያው ሳምንት አይደል እንዴ ሲስተር ደጄ ድረስ መጥተው ‹ለሲስተሮቹ ቤት እንጀራ ታቀርቢልናለሽ ወይ› ያሉኝ? ያንተን ክፍያ እስከ ስምንተኛ ድረስ የከፈልኩት በምን መሰለህ?»

ያንን እንጀራ በሌማት ተሸክሜ ለዓመታት ያደረስኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደተጀመረ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሲስተር ክፍል ውስጥ «አስተውል! አስተውል!» ማለት ይወዱ ነበር፤ እኔ ሰሌዳውን እዩ ማለታቸው ይመስለኝ ነበር። አሁን ማሽኑን «አስተውሎት» ብለን ስንጠራው እሳቸው ትዝ ይሉኛል። አንዲት መነኩሲት የአንድ ልጅ የቤት ሥራ ላይ አስተውለው አንድ ቤት እንዳይዘጋ አደረጉ።

«ሁለት እንጀራ እንደጎደለም አውቅ ነበር» ብላ ጨመረች እናቴ፣ ስኒ እየሰጠችኝ።

እናንተስ፣ ደብተሩን ከመፈረማችሁ በፊት ታነቡታላችሁ? እኔ ከእንግዲህ አነባለሁ። የእህቴ ልጅ እንደገና የጻፈችው «የአያቴ እጅ ቪክስ ይሸታል» ብሎ ይጀምራል። ዓርብ ክፍል ፊት ስታነበው አንድ ልጅ «ለምን?» ብሎ ጠየቃት አሉ፤ መልሱ ደወል እስኪደወል አላለቀም። ከ10 ስንት እንዳገኘች አልጠየቅኳትም። አንብቤ ፈርሜያለሁ።