በጎረቤት የጸሎት ቤት

እንግድነት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ወደ ሰው ማእድ መቅረብ፥ ሁለተኛው ወደ ሰው ጸሎት መቅረብ ነው። በማእድ ላይ ያልለመዱትን ምግብ በልክ ቀምሶ ማመስገን ይበቃል። ወደ ጸሎት የሚቀርብ እንግዳ ግን የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ በዚያ ሰው የሚያቀርበው ልቡን ነውና። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ስለዚህ ነገር ያየሁትን ላጫውትህ።

በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ግዛት እኖር ነበር። በዚያ ከጀርመንና ከስካንዲናቪያ አገሮች የፈለሱ ሰዎች ዘር ስለሚበዛ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው። ጎረቤቴ የነበሩት ሽማግሌም ከነዚሁ ወገን ነበሩ። የካቲት 27 ቀን ረቡዕ የጾማቸው መግቢያ ነበርና «ዛሬ ማታ ከእኔ ጋር ወደ ጸሎት ብትሄድ ደስ ይለኛል» አሉኝ። ባለቤታቸው በዚያው የብርድ ወራት ስለሞቱባቸው ብቻቸውን መሄድ እንደ ከበዳቸው አወቅሁና እሺ አልኋቸው።

እኔ በወጣትነቴ የገባሁበት የወንጌል አማኞች ጉባኤ ጾምን ለምእመኑ ፈቃድ ይተዋል እንጂ በቀን መቁጠሪያ አይወስንም። እናቴ ግን በተዋሕዶ እምነቷ ጸንታ የምትኖር ስለሆነች በዚያው ሳምንት ሰኞ 55 ቀን የሚጾመውን ዐቢይ ጾም ጀምራ ነበር። ከእናቴ ጋር በጾም ወራት ማእዳችን ከተለያየ ብዙ ዓመት ሆኖታልና ጾም የሚለው ቃል ለእኔ ቀላል ቃል አይደለም።

ፕሮቴስታንት የሚለው ስም አንድ ቢሆንም፥ በዚህ ስም የሚጠሩት ሁሉ ስለ ጾም አንድ አሳብ የላቸውም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1522 በዙሪክ ከተማ ፍሮሻወር በሚባል አታሚ ቤት አንዳንድ ሰዎች በጾም ወራት ቋሊማ በሉ። ካህኑ ዝዊንግሊ በዚያው ተቀምጦ ሳለ ራሱ አልበላም፤ ኋላ ግን ክርስቲያን በምግብ ነገር ነጻ መሆኑን በስብከቱ ተከራከረላቸው። ማርቲን ሉተር ደግሞ ጾምን የመዳን ዋጋ አድርጎ መቍጠርን ቢቃወምም፥ በ1529 ባሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም፥ በጾም ለቅዱስ ቍርባን መዘጋጀት መልካም ሥርዓት መሆኑን ጽፏል። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቹ የሉተር ተከታዮች ይህን ወራት ሲጠብቁ ሌሎች ተዉት።

እንደ ደረስን በምድር ቤቱ ሾርባና ዳቦ ቀረበልን፤ ከዚያም ወደ ጸሎቱ ወጣን። ዝማሬው ዝግ ያለ ነበር፤ እስከ ፋሲካ ድረስም «ሃሌ ሉያ» አይባልም። በእኛ ጉባኤ ይህ ቃል ከአፍ ስለማይለይ ዝምታው ከበደኝ። ነገር ግን በእናቴ ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም እንደሚሉ ትዝ አለኝ።

ከስብከቱ በኋላ ካለፈው ዓመት የሆሣዕና ዘንባባ ተቃጥሎ የተዘጋጀ አመድ ቀረበ። ሕዝቡ በተራ እየወጣ፥ ቄሱ በእያንዳንዱ ግንባር ላይ በአመድ የመስቀል ምልክት እያደረጉ፥ ሰው ከአፈር መጥቶ ወደ አፈር እንደሚመለስ ያሳስቡ ነበር። አንዲት እናት ያቀፈችው ጨቅላ ሕፃን እንኳ እንደ ሽማግሌዎቹ ተቀባ። ወዳጄም ዓይናቸውን ከዚያ ሕፃን ላይ አላነሡም።

ተራው ወደ እኛ ወንበር ሲደርስ ተጨነቅሁ። ብቀባ ልቤ ያልተቀበለውን ምልክት ለሰው ደስታ ብዬ መሸከሜ ነው፤ ተቀምጬ ብቀር ኀዘንተኛውን ሰው ብቻቸውን መስደዴ ነው። በመጨረሻ ተነሥቼ ክንዳቸውን ያዝሁና እስከ ፊት አደረስኋቸው። እርሳቸው ሲቀቡ እኔ አጠገባቸው ቆሜ፥ አንገቴን ደፍቼ፥ ስለ እርሳቸው ጸለይሁ። ቄሱም ነገሩ ገብቷቸው ምንም ሳይሉ አለፉኝ።

በበረዶው ላይ ቀስ እያልን ስንመለስ «ባለመቀባቴ አዝነውብኝ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለምን አዝናለሁ?» አሉኝ። «እኔም ወደ እናንተ ጉባኤ ብመጣ እጄን አንሥቼ መጮኽ አይሆንልኝም። ብቻ ከበሩ እስከ ወንበሩ የሚያደርሰኝ ሰው አላጣ።»

ቤቴ እንደ ገባሁ ለእናቴ ስልክ ደወልሁ፤ እርሷ ዘንድ ሊነጋ ነበር። ሁሉን ከነገርኋት በኋላ «ሽማግሌው እስከ ስንት ሰዓት ጾሙ?» አለችኝ። ሾርባ መብላታቸውን ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና «ይሁን፤ ብቻቸውን አለመተውህ ደግ አድርገሃል» አለች። በእምነት ነገር ከተለያየን ወዲህ ስለ ጸሎት ያለ ክርክር የተነጋገርነው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ወደ ሌላው የጸሎት ቤት ስትገባ ሁለት ነገር ጠብቅ። ያላመንህበትን ያመንህ መስለህ አታድርግ፤ ሌሎች በፍርሃትና በእንባ የሚያደርጉትንም በንቀት አትመልከት። የፊተኛው ሐሰት ነው፤ የኋለኛው ትዕቢት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ቢመስልም ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሊሄዱበት ይችላሉ።