ባትሪው ሲያልቅ

በአሜሪካ ግቢ ያለው ቤት ካለህ፣ በሙቀቱ ወራት ሣሩ በየሳምንቱ እንደሚጠራህ ታውቃለህ። ባለቤቴ ሌሊት ትሠራለች፣ እኔ ቀን። ተያይተን የምንውለው ቅዳሜ ብቻ ነው። በቤንዚን የሚሠራው ማጨጃ ሲነሣ ግን እርሷ መስኮት ትዘጋለች፤ እኔም ብትጠራኝ አልሰማም።

አሁን ባለ 40 ቮልት የባትሪ ማጨጃ አለን። ፈጽሞ ድምፅ የለውም አልልህም፤ ግን አጠገቡ ሆኖ መነጋገር ይቻላል። ገመድ መጎተት፣ የሞተር ዘይት መቀየር ቀርቷል። (መጽሐፈ ምሳሌ 27፥14 በማለዳ ጮኾ ጎረቤቱን ስለሚባርክ ሰው ይናገራል፤ ማጨጃ ስለሚያስነሣውማ ምን ይባል ይሆን!)

ባትሪው የፊቱን ግቢ ጨርሶ ጓሮው መካከል ላይ ያልቃል። እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚያች ሰዓት ሻይ ይዤ ከባለቤቴ አጠገብ እቀመጣለሁ። አገር ቤት ስላሉት እናቷ ሕመም፣ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን የተሸከመችውን ሁሉ የነገረችኝ እዚያ ደረጃ ላይ ነው። አብረንም ጸለይን። ጓደኞቼ ሁለተኛ ባትሪ ግዛ ይሉኛል። የከለከለኝ ገንዘቡ አይደለም።

አንተም ልትገዛ ካሰብህ፦ እርጥብ ሣር ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ጤዛው ይድረቅ። በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ከሲሶ በላይ አትቁረጥ። ምላጩን ከመንካትህ በፊት ባትሪውን አውጣ። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ባትሪውን ጋራዥ ውስጥ አትተወው፤ ቤት አስገባው።