አበዳሪው ልጅ

እናት ለጎረቤት ለማስረዳት የምትቸገርበት ሙያ አለ። ልጇ ሐኪም ከሆነ «ሐኪም ነው» ትላለች፤ ነገሩ ያበቃል። ሾፌርም ሆነ ግንበኛ ማብራሪያ አያሻውም። ዌብሳይት የሚሠራ ልጅ ያላት እናት ግን መጀመሪያ ትንሽ ታስብና «ኮምፒዩተር ላይ ነው የሚሠራው» ትላለች። «የት መሥሪያ ቤት?» ሲሏት «ኧረ እቤቱ ነው» ትላለች። ጠያቂዋም ልጁ ሥራ የፈታ መስሏት «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ታጽናናታለች።

በደጉ ጊዜ ይህ ያስቃል። ኑሮ ሲከፋ ግን ሥራው ያልታየለት ሰው ሥራ ማጣቱም አይታይለትም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

ትልቅ ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ ወሬው ይሰማል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ 11,000፣ በጥር ደግሞ የጉግል እናት ኩባንያ 12,000 ያህል ሠራተኞች እንደሚያሰናብቱ ሲያስታውቁ ዓለም በሙሉ ሰማ። በዚያው ሰሞን እኔ የማውቃቸው፣ ከውጭ አገር ትንንሽ ድርጅቶች ሥራ በቁርጥ እየተቀበሉ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩ የአዲስ አበባ ልጆች ሥራ ቀዘቀዘባቸው። ይህንን ማን ዜና ያደርገዋል? ማንም አላባረራቸውማ! «በጀታችን ጠቧል፣ ስንፈልግህ እንጽፍልሃለን» የምትል ሁለት መስመር ኢሜይል ትመጣለች፤ ለአንዳንዱ እሷም አትመጣም። ድርጅት እጁ ሲያጥር መጀመሪያ የሚያቆመው በቅጥር ያልያዘውን ሰው ነው። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ካሣ የለ፣ የመሰናበቻ ሻይ እንኳ የለ።

«ፍሪላንሰር» ይሏቸዋል። ቃሏ ታሪክ አላት። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት ከ200 ዓመት በፊት «አይቫንሆ» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ተጠቅሞባታል። ያኔ ነጻ ጦረኛ ማለት ነበረች። ለማንም ጌታ ያላደረ፣ ለከፈለው ሰው ጦሩን ይዞ የሚሰለፍ ወታደር። ነጻነቱ ያስቀናል። ግን እስቲ አስቡት፤ ጌታ ያለው ጭፍራ ጦርነት ባይኖርም ቀለቡ አይቀርበትም። ነጻው ጦረኛ የሚጠራው ከጠፋ ጦሩን ተደግፎ መቆም ነው ዕጣው።

የእኛም ሕግ ነገሩን በዚሁ መልክ ነው የሚያየው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪው ማስጠንቀቂያም የሥራ ስንብት ክፍያም ደንግጎለታል። በራሱ የሙያ ኃላፊነት፣ በዋጋ ተስማምቶ የሚሠራውን ሰው ግን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል። በሕግ ዓይን ልጁ ነጋዴ ነው። ይሁን፤ ነገር ግን ይህ ነጋዴ ያለው ንብረት አንድ ላፕቶፕና አሥር ጣት ነው።

በግቢያችን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ደንበኞቹ በአብዛኛው አስጎብኚ ድርጅቶችና ትንንሽ ሆቴሎች ናቸው። የአገሩን ኢኮኖሚ ለማወቅ ጋዜጣ ማገላበጥ ትቻለሁ፤ የልጁን መስኮት አያለሁ። ሌሊት መብራቱ ከበራ ሥራ አለ፤ ካልበራ የለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ ቱሪስት ቀረ፣ መስኮቱም ጨለመ። በሰኔ መጨረሻ የሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ ቀርተውት የነበሩት ሁለት የውጭ ደንበኞች መልስ ጠብቀው ጠብቀው ሌላ ሰው ያዙ። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ላሊበላንና አክሱምን የሚሸጥ ሰው ዌብሳይት ምን ያደርግለታል? በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም መብራቱ ለጥቂት ወራት በራ፤ በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ተመልሶ ጠፋ።

እንግዲህ በግንቦት 2016 ዓ.ም. አንድ አስጎብኚ ድርጅት ዌብሳይት አዘዘው። ዋጋው 60,000 ብር፣ ግማሹ በቅድሚያ፣ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ። ውሉ በቃል። ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን ሆስቲንግና የስሙን የዓመት ክፍያ፣ 100 ዶላር ያህል፣ ልጁ ይሸፍናል። ዶላር ከየት ያመጣል እንዳትሉኝ። ዋሽንግተን ያለች የአክስቱ ልጅ በካርዷ ትከፍልለታለች፤ እሱ እዚህ ለእናቷ በብር ይሰጣል። በባንክ ዋጋ እንኳ ብናሰላው ያን ጊዜ 5,700 ብር ገደማ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሥራውን አስረከበ። በዚያው ወር፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ባንክ ቤት 57 ብር የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ብር ገደማ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። በዶላር የሚከፈላቸው ጓደኞቹ ፊታቸው በራ። የእሱ ገቢ ግን በብር ነው፤ ወጪው በዶላር። ቀሪውን 30,000 ብር ሲጠይቅ «ቱሪስት የለም፣ ትንሽ ታገሠን» ተባለ። ታገሠ። ዓመቱ ሞልቶ የሆስቲንጉ ክፍያ ሲደርስ አሁንም እየታገሠ ነበር። ካልተከፈለ ዌብሳይቱ ይጠፋል። ስለዚህ የዓመት በፊቱን ከእጥፍ በላይ አድርጎ ከኪሱ ከፈለ፤ ለዚያው ገንዘቡን ለያዘበት ድርጅት!

አንድ ማታ በራፉ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ልዝጋው እንዴ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ዌብሳይታቸውን ነዋ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«ብዘጋው ያሉትንም ጥቂት ቱሪስቶች ያጣሉ። እነሱን ካጡ በምን ይከፍሉኛል? ደግሞ ጋሼ፣ አዲስ አበባ እኮ ትንሽ ናት። አስጎብኚዎቹ ሁሉ ይተዋወቃሉ። ‹ያ ልጅ ዌብሳይት ይዘጋል› ከተባልኩ ማን ይጠራኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ሸማኔ ገንዘቡ ካልመጣ ጋቢውን አይለቅም። ልብስ ሰፊም ሱሪውን ሰቅሎ ይጠብቃል። የዚህ ልጅ ሥራ ግን ገና ሳይከፈልበት ባለቤቱን እያገለገለ ነው፤ መልሶ ቢይዘው ደግሞ የሚጎዳው የራሱን ስም ነው። ሥራ በሞላበት ጊዜ ክፉ ደንበኛን «ደህና ሁን» ማለት ይቻላል። ሥራ ሲጠፋ ደንበኛ አይቀየምም። የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ ልጁን የሚጎዳው ገቢውን በመቀነስ ብቻ አይደለም፤ የመቆጣት አቅሙንም ይወስድበታል።

ድርጅቱን የሚመራው ሰው ክፉ አይመስለኝም። ገንዘብ አጥሮታል፤ እውነቱን ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው ተራ ያወጣል። አንደኛ ባንክ፤ መያዣውን ይሸጥበታላ። ሁለተኛ ግብር፤ በሩ ይታሸግበታል። ሦስተኛ የቢሮ አከራይ፤ ዕቃውን ያወጣበታል። አራተኛ ሠራተኞቹ፤ ሊከሱት ይችላሉ። መጨረሻ ላይ ልጁ። ምን ያደርገዋል? የክፍያ ተራ የፍርሃት ተራ ነው። ማን የበለጠ እንደሠራልን ወይም ማን የበለጠ እንደቸገረው አንጠይቅም፤ ማን ሊጎዳን እንደሚችል ነው የምንጠይቀው።

ውጤቱን ተመልከቱ። ባንክ ያላበደረውን ልጁ አበደረ። ያውም ያለ ወለድ፣ ያለ መያዣ፣ ያለ ፊርማ። ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ የአንድ ዓመት ብድር ሲመለስ የመግዛት አቅሙ ጎድሎ ነው። ያንን ጉድለት ማን ከፈለው? ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ልጅ። የአገር ኢኮኖሚ ሲታመም ትልልቆቹ ድርጅቶች ከትንንሾቹ ይበደራሉ፤ ትንንሾቹ ደግሞ ከሱቅ በዱቤ ይወስዳሉ። በመጨረሻ ባለሱቁ እትዬ ደብተራቸውን ይዘው ሲቆዝሙ ታገኟቸዋላችሁ። ላሊበላን አይተው የማያውቁት እትዬ የአስጎብኚውን ኪሳራ ተካፈሉ ማለት ነው።

አሁን አሁን ደግሞ ሌላ ዘዴ መጥቷል። ደንበኛው ዋጋ ሲነገረው ፈገግ ይልና «አሁን እኮ ኤአይ በነጻ ይሠራዋል» ይላል። ቀለል ያለ ገጽ እውነትም ይሠራል፤ ልጁም አይክድም፣ ራሱም ይጠቀምበታል። ግን ልብ በሉ፤ ጥሩ ጥሩዎቹ የወር ክፍያቸውን የሚቀበሉት በቅድሚያ፣ በዶላር ነው። «ትንሽ ታገሠን» ቢሉት ማሽን አይገባውም። ዱቤ የሚሰጠው ልጁ ብቻ ነው።

ቀሪው 30,000 ብር ከ14 ወር በኋላ ተከፈለ። «ስለ ትዕግሥትህ እናመሰግናለን» ተባለ። ልጁ ሁለት ወር የዘገየ የቤት ኪራይ ከፈለ፤ ከሱቁ ደብተርም ስሙን አስሠረዘ። ከዚያ ወዲህ ሕግ አውጥቷል። ውል በጽሑፍ፤ አንድ ገጽ ብትሆንም። ክፍያ በሦስት ጊዜ፤ የመጨረሻው ዌብሳይቱ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት። ሆስቲንግ በደንበኛው ስም፣ በዕለቱ ምንዛሪ። እንደሱ ካሉ ጓደኞቹ ጋርም ዕቁብ ጀምረዋል፤ ሥራ የጠፋበት ሰው ዕጣ ሳይጠብቅ ቀድሞ ይወስዳል። ውሉን ሲያዩ ፊታቸውን አጥፍተው የሄዱ ደንበኞች አሉ። «ይሂዱ ጋሼ፣ እንዳላበድራቸው ነው» አለኝ።

ይህንን የምታነቡ ሰዎች መካከል የድርጅት ባለቤትም፣ ሒሳብ ሹምም አትጠፉም። መሳቢያችሁን ክፈቱና ተመልከቱ። ዌብሳይት ለሠራላችሁ፣ አርማ ለሣለላችሁ፣ ወይ ደብዳቤ ለተረጎመላችሁ ሰው «በሚቀጥለው ሳምንት» ያላችሁት ክፍያ ይኖር ይሆናል። ሰውየው ስላልደወለ ረስቶት እንዳይመስላችሁ። የማይደውለው እንዳትቀየሙት ፈርቶ ነው። ተራውን አንድ ጊዜ ገልብጡትና ከእሱ ጀምሩ፤ ባንኩ እንደሆነ ራሱ ይደውልላችኋል።