የላዳዋ ሰባት ቤት

ጋሼ ማታ መብራት ሳያጠፉ ገብተው ስለተኙ ጠዋት ላዳዋ ጭጭ ብላ ጠበቀችን። ደግነቱ ኮልፌ አጠና ተራ በጠዋት ገፊ አይጠፋም። አጠና ተሸክሞ የሚያልፍ ጎረምሳ ሸክሙን አጥር ላይ አስደግፎ መጣ፤ ሌላ አንድ ተጨመረ፤ እኔም ኮቴን አውልቄ ከኋላ ገባሁ። «ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ ጋሼ!» ገፋን። ፍሪሲዮኑን ሲለቁት አንዴ አስነጠሰችና መልሳ ዝም አለች።

«ይቺን መኪና ማን ወለዳት?» የሚለው ጥያቄ የመጣብኝ በሁለተኛው ግፊያ መሀል ነው። ሰው ሲደክመው ወይ ይሳደባል ወይ ይፈላሰፋል። ጋሼ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ሁለተኛውን መረጥኩ።

እሳቸውን ብትጠይቋቸው «የራሺያ ናት» ብለው ይዘጉታል። በቅሎም «አባትህ ማን ነው?» ቢሉት «እናቴ ፈረስ ናት» ብሏል። ላዳ የተሠራችው ቮልጋ ወንዝ ዳር፣ ቶሊያቲ በምትባል ከተማ ነው። ስሙ ራሱ ያሳብቃል፤ ፓልሚሮ ቶሊያቲ የጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ነበር። ሶቭየቶች ፋብሪካውን የተከሉት በ1966 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ) ከፊያት ጋር ተዋውለው ሲሆን፣ በ1970 ከዚያ የወጣችው የመጀመሪያዋ መኪና ለራሺያ መንገድ ጠንከር ተደርጋ የተሠራች ፊያት 124 ነበረች። እንግዲህ ላዳ፣ ከእሷ በፊት አዲስ አበባን በታክሲነት ያገለገለችው የፊያቷ ሴቼንቶ ዘመድ ናት ማለት ነው። ይሄንን አፋችን ቀድሞ ያውቀዋል። ክሪክ፣ ስኮርታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፦ ጋሼ የራሺያ መኪናቸውን የሚጠግኑት በጣሊያንኛ ነው።

ጣሊያኑስ ከየት አመጣው? የፊያቱ ጆቫኒ አኜሊ አሜሪካ ተሻግሮ የፎርድን ፋብሪካ አይቶ ተመልሷል። ቱሪን ላይ በ1923 የተመረቀው የሊንጎቶ ፋብሪካ የዚያ ጉብኝት ልጅ ነው፤ ዕቃው ከታች ይገባና ፎቅ በፎቅ እየተገጠመ ሲወጣ፣ ጣራው ላይ ሲደርስ መኪና ሆኖ እዚያው ጣራ ላይ በተሠራ መንገድ ይፈተናል። እኔ ሰባት ቤት ልቆጥር ተነስቼ በሦስተኛው ዲትሮይት ገባሁ።

ሄንሪ ፎርድ መኪናን አልፈጠረም። እሱና መሐንዲሶቹ ያመጡት ሌላ ነገር ነው፤ ሐሳቡም በአጠቃላይ ከቺካጎ ሥጋ አራጆች እንደመጣ ራሱ ጽፏል። እዚያ የታረደው በሬ ተንጠልጥሎ በተርታ በቆሙት ሰዎች ፊት ያልፋል፤ አንዱ ሽንጡን ያነሳል፣ ሌላው ዳቢቱን፣ መጨረሻ ላይ አጥንት ይቀራል። ቅርጫ በሉት። ፎርድ ቅርጫውን ገለበጠው፦ ከአጥንቱ ተነስቶ አንዱ ጎማ፣ ሌላው መሪ፣ ሌላው ሞተር እየጨመረ በሬው ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ሠራተኛው ቦታውን አይለቅም፤ የሚሄደው መኪናው ነው። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ ውስጥ ይህ ሲጀመር የሞዴል ቲን ሻንሲ ለመግጠም ይፈጅ የነበረው ከ12 ሰዓት በላይ፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። በእኛ ሰፈር 93 ደቂቃ «እስቲ ኮፈኑን ክፈተው» ከተባለበት «ዕቃውን ገዝተህ ና» እስከሚባልበት ያለው ጊዜ ነው። በ1908 በ850 ዶላር የወጣችው መኪና በ1920ዎቹ ከ300 ዶላር በታች ተሸጠች፤ እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ተሠራች። ሠራተኛው ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ሲያጠብቅ መዋል ታክቶት እየጣለ ይሄድ ነበር። በ1914 የቀን ክፍያው 5 ዶላር የሆነው በአብዛኛው እሱን ለማቆየት ነው። ጽድቅ ብቻ አልነበረም።

የዚህ ዘር ሌላ ቅርንጫፍ ደግሞ አለ። ልጅ ሆኜ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሰፈራችን ዋዝ መኪና ሲቆም ጨዋታው ይቆማል፤ እኛም ወደየቤታችን እንሮጣለን። በየግድግዳው «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» የሚል ተጽፏል። የዋዝ ሐረግ ወደ ጎርኪው ፋብሪካ ይሄዳል፤ ጎርኪን ደግሞ ሶቭየቶች ያቋቋሙት በ1929 ከፎርድ ጋር ተዋውለው ነው። በ1932 መጀመሪያ ያወጣው የጭነት መኪናም የፎርዱ ሞዴል ኤኤ ግልባጭ ነበር። እኔ እንደዚያ የምሮጠው ከወዛደሩ መኪና መስሎኝ ነበር። የዲትሮይት ከበርቴ የልጅ ልጅ መሆኑን ማን ነግሮኝ!

በሦስተኛው ግፊያ ተነሳች። ጎረምሳው አጠናውን አንስቶ ሄደ፤ እኔ እያለከለክሁ ገባሁ። ቀለበት መንገዱ ላይ ወጥተን እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ድረስ ይህን ሁሉ ለጋሼ ተረኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ይሄ ፎርድ የምትለው» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰውየው ቆሞ መኪናው ነው የሚሄደው አልክ?»

«አዎ ጋሼ። የእሱ ብልሃት እሱ ነው።»

በመስታወቱ የላበውን ፊቴን አዩት። «እንግዲያው እኛ እስካሁን አልደረሰንም።»

ጦር ኃይሎች ሲያወርዱኝ ሞተሩን አላጠፉም።