ቀዩ ጊታር

ሰው ሙዚቀኛ የሚሆነው በጆሮው ብቻ ይመስላችኋል? ዓይንም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1959 እንግሊዛዊው ዘፋኝ ክሊፍ ሪቻርድ ለጊታሪስቱ ለሀንክ ማርቪን ከአሜሪካ ቀይ ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር አስመጣለት። ፌንደር በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ባለ ልዩ ቀለም ጊታሮቹን የሚቀባው በመኪና ቀለም ነበር፤ “ፊየስታ ሬድ” የሚባለው ቀይ የፎርድ ተንደርበርድ ቀለም ነው። በስሱ ይረጫል፣ ይደርቃል፣ እስኪያብለጨልጭ ይወለወላል።

ያንን ቀይ ያየ የእንግሊዝ ልጅ ሁሉ ልቡ ሸፈተ። አንዱ ማርክ ኖፕፍለር ነበር። አባቱ አቅማቸው የፈቀደውን ሆፍነር ጊታር ገዙለት፤ ቀለሙ ግን ቀይ ነው! ልጁ አድጎ ዳየር ስትሬይትስ የተባለውን የሮክ ባንድ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

እናም ልጃችሁ “ቀዩን ግዙልኝ” ሲል “ዋናው ድምፁ ነው” ብላችሁ አትቆጡት። ዓይን ያልገባ ጊታር ከግድግዳ አይወርድም፤ ካልወረደ ደግሞ ጣት አይፍታታም። ፍቅሩ በቀለም ይጀምር፤ ልምምድ ያጸናዋል።